ኮምባይነሩን የበላው ሌንስ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ የምርቃት ፎቶ ልትነሳ ሮቤ ወዳለችው ፎቶ ቤቴ መጣች። እንደ ልማዴ ደጅ ካለው የባሕር ዛፍ አጥር ፊት አቆምኳትና ካሜራዬን ይዤ አስፋልቱን ተሻገርኩ። ልጅቷ ጥያት የሄድኩ መስሏት ጮክ ብላ ጠራችኝ።

«እትዬ ጀሚላ! ወዴት ነው? እኔ እዚህ ነኝ እኮ!»

«አይቼሻለሁ፤ እዚያው ሁኚ።»

«ታዲያ ለምን አትጠጊም? የኔ ስልክ እንኳን እዚሁ ሆኖ ኋላውን ያደበዝዛል!»

ስልኳን ከፍ አድርጋ አሳየችኝ። በመካከላችን ሁለት ባጃጅና ገለባ የጫነ አንድ አይሱዙ አለፉ፤ የገለባው ብናኝ ፊቴ ላይ ተበተነ። የገለባው ሽታ ነው መሰለኝ ብቻዬን ያሳቀኝ። ዛሬ ሰው ሁሉ ኋላው እንዲደበዝዝለት ይፈልጋል። እኔ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ኋላውን አደበዘዝሽ ተብዬ ካሜራ እንዳልነካ ሊፈረድብኝ ነበር። የደበዘዘው ደግሞ አጥር ወይም ግድግዳ አልነበረም። አዲስ ኮምባይነር ነበር።

ያደግሁት ጎባ ነው። ጎባና ሮቤ በመኪና የሩብ ሰዓት መንገድ ናቸው፤ ብርዳቸው ግን የሁለት አገር ብርድ ነው። ጎባ ላይ ጉሙ ከሳነቴ ተራራ ወርዶ ሰፈሩን ሲሸፍነው ከቤታችን እስከ ቧንቧው ሄጄ ማንም ሳያየኝ እመለስ ነበር። ከዚያ የተሻለ ቀን አልነበረኝም። ሰው ፊት መቆም አልወድም። አስተማሪ ወደ ሰሌዳው ሲጠራኝ መልሱን እያወቅሁ አላውቅም እል ነበር። ስድስተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ ትምህርቱን ተውኩ። በቤታችን ሌላም ምክንያት ነበር፤ ያ ሰሌዳ ግን አንዱ ነው፣ አልዋሽም።

ሮቤ ላይ የተቀጠርኩት ጋሽ ታደሰ የሚባሉ ሰው ፎቶ ቤት ውስጥ ነበር። ጋሽ ታደሰ ወፍራም፣ ተጫዋች፣ ቁጣቸው ቶሎ ነድዶ ቶሎ የሚበርድ ሰው ናቸው። ደንበኛን አገጩን ይዘው ያዞሩታል። «ቀና በል! ፈገግ! ፎቶ ነው እንጂ መርፌ አይደለም!» ይሉታል። የማንሻዋ ክፍል ርዝመቷ አራት እርምጃ ነው። በአንዱ ጫፍ ፏፏቴና አውሮፕላን አንድ ላይ የተሳሉበት መጋረጃ፣ በሌላው ጫፍ ጋሽ ታደሰ። እዚያ ውስጥ የሚያሠራው አጭሩ ሌንስ ብቻ ነው። አጭር ሌንስ ደግሞ ተጠግተው ሲያነሱበት ወደ ካሜራው የቀረበውን ነገር ያሳብጠዋል፤ ከሰው ፊት ላይ ቀድሞ ወደ ካሜራው የሚቀርበው ምን እንደሆነ የታወቀ ነው። የዚያን ጊዜ የሮቤ ሰው መታወቂያ ላይ ያለው አፍንጫ ሁሉ የጋሽ ታደሰ ክፍል አፍንጫ ነው እንጂ የባለቤቱ አይደለም።

የኔ ሥራ ጉርድ ፎቶ መቁረጥ፣ ላሚኔት ማድረግና መጋረጃውን ማራገፍ ነበር። አልፎ አልፎ ጋሽ ታደሰ ሲደክማቸው «እስቲ አንቺ አንሺ» ይሉኛል። ያኔ ከሰው ፊት ሁለት እርምጃ ላይ ቆሜ «ቀና ይበሉ» ለማለት ድምፄ አይወጣም። ደንበኛው እኔን ያያል፣ እኔ ወለሉን አያለሁ። ጋሽ ታደሰ ከመጋረጃው ጀርባ ሆነው ይሰሙና ይስቃሉ።

«ልጄ፣ ዓይን አፋር ሰው ፎቶ አንሺ አይሆንም። ይሄ የደፋር ሥራ ነው።»

ክፉ ሰው ሆነው አይደለም እንዲህ የሚሉት፤ እውነት ስለሚመስላቸው ነው። እኔንም እውነት ይመስለኝ ነበር።

በመስታወቱ ሳጥን ውስጥ አንድ ረጅም ሌንስ ተቀምጦ ነበር። የጋሽ ታደሰ የእህት ልጅ ዲንሾ ፓርክ ውስጥ ቱሪስት በሚያስጎበኝበት ጊዜ ቀይ ቀበሮና ኒያላ ያነሳበት ነበር፤ ሥራ ቀይሮ አዲስ አበባ ሲገባ ለአጎቱ ትቶት ሄደ። ጋሽ ታደሰ አንድ ሁለት ጊዜ ሞክረውታል። በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሌንሱ ዝዝዝ እያለ ወደፊትና ወደኋላ ይመላለሳል እንጂ ምስሉን አያጠራም። ሲያጠራም የሚይዘው አንድ ዓይንና ግማሽ አፍንጫ ነው። «ዕውር ነው» ብለው ቆለፉበት። «ደግሞም የቀበሮ ሌንስ ነው። ለሰው አይሆንም።»

አንድ ቀን፣ ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ አባርቶ አስፋልቱ እንደ መስታወት በሚያበራበት ሰዓት፣ ጋሽ ታደሰ ምሳ ሲሄዱ ቁልፉን ከመሳቢያቸው አውጥቼ ሳጥኑን ከፈትኩ። ለምን እንደከፈትኩ አላውቅም። ሌንሱን ካሜራው ላይ ገጠምኩና ከበሩ ውስጥ ሆኜ ወደ ማዶ አየሁበት። ከመንገዱ ማዶ ነጭ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ነበረች፤ በየቀኑ አያታለሁ፣ ፊቷን ግን አይቼው አላውቅም ነበር። ሌንሱ አንዴ ዝዝ አለና ቀጥ ብሎ ቆመ። ሴትየዋ እፊቴ መጣች። የነጭ ሽንኩርት ልጣጭ ቅንድቧ ላይ ተጣብቋል፤ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች የሆነ ነገር ለራሷ ታወራለች። ከኋላዋ ያለው የተዝረከረከ ሱቅ ሁሉ ለስላሳ ቀለም ሆኗል። አፍንጫዋ የራሷ አፍንጫ ነው። ተጫንኩ። እሷም አላየችኝም፤ እኔም አላፈርኩም። በኋላ ተሻግሬ ፎቶውን ሳሳያት አፏን በእጇ ሸፍና ስትስቅ ሽንኩርቷን ረሳች።

ሌንሱ ዕውር አልነበረም። ቦታ ነበር የጠበበው።

የጋሽ ታደሰ የእህት ልጅ በስልክ ሲያስረዳኝ፣ የኛ ካሜራ ውስጥ ምስሉን የሚይዘው ነገር ከትልልቆቹ ካሜራዎች ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ሌንሱ ከሚያየው ላይ መሃሉን ብቻ ነው የሚወስደው አለኝ። ሌንሱ ሰባ በሚለው የማቅረቢያ ቁጥር ላይ ሲደረግ ከመቶ በላይ እንደሆነ ሌንስ ያቀርባል። «ድክመቱ ነው» አለ። እኔ ግን መሃሉን ብቻ የሚወስድ ካሜራ ምኑ ላይ እንደሚደክም አልገባኝም። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ታደሰ እያጉረመረሙም ቢሆን ደንበኛ ደጅ መነሳት ሲፈልግ ሌንሱን ይተዉልኝ ጀመር። የአንድ ፊት ፎቶ ብቻ። «ቀበሮዎችሽን አንሺ» እያሉ ይቀልዱብኛል።

ታኅሣሥ ላይ፣ ስንዴው በደረሰበት ሰሞን፣ ሐጂ አማን መጡ። ሐጂ አማን ከሮቤ ወደ አጋርፋ በሚወስደው መንገድ ላይ ሰፊ እርሻ ያላቸው፣ ጺማቸውን በሂና የሚያቀሉ፣ ድምፃቸው ከመኪናቸው ሞተር የሚበልጥ ሰው ናቸው። በሰፈራቸው የራሱን ኮምባይነር የገዛ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ነበሩ።

«ታደሰ የለም?»

«የፎቶ ወረቀት ሊያመጡ ሻሸመኔ ሄደዋል፣ ሐጂ።»

«አሁን የሚታጨደው ማሳ ነገ ያልቃል። ከኮምባይነሬ ጋር መነሳት እፈልጋለሁ፤ ትልቅ ሆኖ ሳሎን የሚሰቀል። አንቺ አታነሺም?»

አላነሳም ልል ነበር። መኪናው ውስጥ የተቀመጡት ባለቤታቸው አዴ ሩቂያ በመስኮቱ ብቅ ብለው «ኮቱ፣ ነይ ግቢ፤ አንቺ ስታመነቺ ስንዴው ይረግፋል» አሉኝ። ገባሁ። በቦርሳዬ አጭሩንም ረጅሙንም ሌንስ ይዣለሁ።

ማሳው ዳር ስንደርስ ኮምባይነሩ ከርቀት እያጨደ ነበር፤ አረንጓዴ፣ አዲስ፣ ብናኝ እያጨሰ። ሐጂ በዚያ ፀሐይ ወፍራም የሱፍ ካፖርታቸውን ለብሰው ከስንዴው ፊት ቆሙ። አጭሩን ሌንስ ገጥሜ ተጠጋሁ። ደረታቸውን ነፍተው አፈጠጡብኝ። «ትንሽ...» አልኩ፤ ከዚያ ወዲያ ድምፅ የለም። ዘወር ብዬ ሌንሱን ቀየርኩና ወደኋላ መሄድ ጀመርኩ። አሥር እርምጃ፣ ሃያ፣ ሠላሳ። ልቤ እዚያ ላይ ጸጥ አለ። ጉልበቴ ላይ ክርኔን አስደግፌ ቁጢጥ አልኩ፤ ረጅም ሌንስ ትንሿን መንቀጥቀጥ ያጎላታል።

ከዚያ ሆኜ ለሐጂ መናገር አልችልም። አዴ ሩቂያ በመካከላችን ቆመው መልእክተኛ ሆኑ።

«አዴ፣ አገጫቸውን ትንሽ ዝቅ እንዲያደርጉ ይንገሩልኝ።»

«አገጭህን ዝቅ አድርግ ትልሃለች! እኔ በሠላሳ ዓመት አዝዤህ የማላውቀውን!»

«ዝቅ አደረግኩ!»

«ያ ካፖርት ለኮምባይነሩ ነው የተለበሰው? ለኔ ሰርግ እኮ በተዋስከው ነው የመጣኸው!»

ሐጂ ሳቃቸውን ሊውጡት ሞከሩ። የተነፋው ደረት ወረደ። ፊታቸው ላይ፣ በሽብሽቡ ውስጥ የገባው አቧራ ሁሉ ተንቀሳቀሰ፤ ቀይ ጺማቸው ላይ አንዲት ገለባ ተሰክታለች፤ ዓይናቸው ካሜራውን ትቶ ሚስታቸውን ያያል። ተጫንኩ። እውነቱን ለመናገር በዚያች ሰዓት ኮምባይነር የሚባል ነገር በዓለም ላይ መኖሩን ረስቼው ነበር።

ስንጨርስ አዴ ሩቂያ ከመኪናው ውስጥ በቆርቆሮ ያመጡትን ጭኮ አቋደሱኝ። የገብሱ ዱቄትና ቅቤው በደንብ ተዋሕዶ እንደ አፈር የሚፈረፈር፣ ጨው የጠነከረበት።

በማግስቱ ጋሽ ታደሰ መጡ። ፎቶውን ኮምፒውተሩ ላይ ሲከፍቱት ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ኮምባይነሩስ?»

«ኋላ አለ።»

«የቱ ነው? ይሄ አረንጓዴ ጭስ?»

በጣቴ አሳየኋቸው።

«ሰውየው በኮምባይነሩ ሊነሳ መጥቶ፣ ኮምባይነሩን በላሽበት! የቀበሮ ሌንስ አላልኩሽም? አጭሩ ቦርሳሽ ውስጥ እያለ!» እጃቸው ጠረጴዛውን መታ። «ሐጂ ሲመጡ ተሳስቻለሁ ትያለሽ። ሁለተኛ ካሜራ እንደማትነኪም እነግራቸዋለሁ። ላሚኔቱ ይበቃሻል።»

ላሚኔቱ ይበቃሻል። ዛሬም ያቺ ዓረፍተ ነገር ትሰማኛለች። ከሰሌዳው የሸሸሁት እኔ ነኝ፤ ማንም አላባረረኝም። ከዚህኛው ግን የሚያባርረኝ ሌላ ሰው ሊሆን ነው። በሕይወቴ የማላፍርበት አንድ ቦታ አግኝቻለሁ፤ ከሰው ሠላሳ እርምጃ ርቆ ያለ ቦታ ነው፣ ያንኑ ሊወስዱብኝ ነው። ጉርድ ፎቶ ጠማማ እየቆረጥኩ ዋልኩ። ማልቀስ ይሻለኝ ነበር፤ አላለቀስኩም።

ሐጂና አዴ ሩቂያ በሦስተኛው ቀን መጡ። ጋሽ ታደሰ ትልቁን ፎቶ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው እኔን አዩኝ። ሐጂ ጎንበስ አሉ። ፎቶውን በግራ አዩት፣ በቀኝ አዩት፣ ወደ ብርሃኑ አነሱት።

«ታደሰ፣ ኮምባይነሬን ሰርቀኸኛል» አሉ።

«ልጅቷ ናት ሐጂ፣ ይቅርታ ትጠይቅዎታለች። በይ!»

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። እኔ ወለሉን እያየሁ ነበር። ከዚያ የወጣው ድምፅ የኔ መሆኑን ያወቅሁት ከጨረስኩ በኋላ ነው።

«አልጠይቅም።»

«ምን?» አሉ ጋሽ ታደሰ።

«አላጠፋሁም። ኮምባይነሩን ረስቼዋለሁ፣ እሱ እውነት ነው። ግን ፎቶው አልተበላሸም።» ቀና አላልኩም፤ የሐጂን ጫማ እያየሁ ቀጠልኩ። «ኮምባይነር ሌላም ሰው ይገዛል፣ ሐጂ። በሚቀጥለው ዓመት ጎረቤትዎ ይገዛል። ይሄ ፊት ግን የእርስዎ ብቻ ነው።»

ከማዶ የነጭ ሽንኩርት ሻጯ ድምፅ ይሰማል። አዴ ሩቂያ ፎቶውን ከባላቸው እጅ ቀስ ብለው ወሰዱት።

«ኩን ኢሰ» አሉ በኦሮምኛ፤ እሱ ነው። «ወላሂ እሱ ራሱ ነው። ሲያሾፍብኝ እንዲህ ነው የሚሆነው። ይሄ የኔ ነው፣ ማንም አይነካውም።» ጠቅልለው ነጠላቸው ውስጥ ከተቱት።

«እሺ፣ እሱ ላንቺ» አሉ ሐጂ። «የኔስ ኮምባይነር የት ይደር?»

«እሱንም አነሳለሁ» አልኩ። «ግን በዚያው ሌንስ ነው። እኔ በምቆምበት ቦታ ቆሜ።»

«በፍጹም!» አሉ ጋሽ ታደሰ። «አሁን ራሴ ሄጄ አነሳዎታለሁ።»

«ሁለታችሁም አንሱ» አሉ አዴ ሩቂያ። «እሱ እንደሆነ መነሳት አይሰለቸውም።»

ወደ ሐጂ ሌላኛው ማሳ ሄድን። ሰማዩ ጠቁሯል፤ ያለ ወቅቱ የሚመጣ ዝናብ ስለተፈራ ሾፌሩ ኮምባይነሩን ለፎቶ ብሎ አያቆምም፣ ከርቀት ያጭዳል። ጋሽ ታደሰ በአጭሩ ሌንስ ሐጂን ተጠግተው፣ አገጫቸውን ይዘው አስተካክለው አነሱ። በካሜራው መስኮት ስናየው ሐጂ እንደ በር ገዝፈዋል፤ ከትከሻቸው ኋላ አንዲት አረንጓዴ ነገር ትታያለች።

«ይቺ ምንድን ናት?» አሉ ሐጂ። «ባጃጅ ነው የገዛሁት?»

አዴ ሩቂያ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

ካሜራውን ተቀበልኩ። ብናኙ እንዳይገባበት ጀርባዬን ለንፋሱ ሰጥቼ፣ በሻርፔ ከልዬ ሌንሱን ቀየርኩ። ብዙ ሰው በአንድ ላይ ሲነሳ የኋላው ረድፍም እንዲጠራ የሌንሱን ብርሃን ማስገቢያ ቁጥር ከፍ አድርጊ ያሉኝ ጋሽ ታደሰ ራሳቸው ነበሩ፤ አሥራ ስድስት ላይ አደረግኩት። ከዚያ መሄድ ጀመርኩ። የታጨደው ስንዴ ጉቶ እግሬን ይወጋኛል። ሃምሳ እርምጃ። ሰባ። ጋሽ ታደሰ ከኋላዬ ጮኹ።

«ጀሚላ! ጎባ ልትደርሺ ነው እንዴ?»

አልዞርኩም። መቶ። የእርሻው ድንበር ላይ አንድ ግንድ ነበር፤ ካሜራውን እሱ ላይ አሳረፍኩ። በሌንሱ ውስጥ ሐጂና ኮምባይነሩ ተጠጋግተዋል። ከሩቅ ሲያዩት የኋላው ነገር አያንስም፤ ኮምባይነሩ ከሐጂ ኋላ እንደ ተራራ ተነስቷል፣ ጥርሶቹ ስንዴውን ሲበሉ ይታያሉ። እኔ ግን ሐጂ ዘወር ብለው ሚስታቸውን እስኪያዩ ጠበቅሁና ተጫንኩ።

ያ ፎቶ ሳሎን ተሰቀለ። ጋሽ ታደሰ ይቅርታ አልጠየቁኝም፣ እኔም አልጠበቅሁም። በማግስቱ ጠዋት ስገባ ረጅሙ ሌንስ ከመስታወቱ ሳጥን ወጥቶ የኔ መቁረጫ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ነበር። «ቀበሮዎችሽ ደጅ እየጠበቁሽ ነው» አሉኝ፤ ደጅ ሦስት ደንበኞች ቆመው ነበር። ዓይን አፋር ፎቶ አንሺ አይሆንም የምትለዋን ግን ከዚያ ወዲያ ከአፋቸው አልሰማኋትም።

አሁን አሥራ አራት ዓመት አልፏል። የራሴ ፎቶ ቤት አለኝ፤ ክፍሏም ከጋሽ ታደሰ ክፍል አትሰፋም፣ ስለዚህ የኔ ስቱዲዮ አስፋልቱ ነው። ባለባጃጆቹ አውቀውኛል፤ ካሜራ ከፍ ካደረግኩ ይቆሙልኛል፣ ወይ ሆን ብለው መሃል ገብተው ጥሩምባ ይነፉብኛል። አምና ለአረፋ ሐጂ አማን ቤት ሄጄ ነበር። ሳሎኑ ውስጥ የኮምባይነሩ ፎቶ በነበረበት ምስማር ላይ የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። አጠገቡ፣ ከመኝታ ቤታቸው ወጥቶ፣ አዴ ሩቂያ የወሰዱት የሐጂ ፎቶ አለ፤ ቀዩ ጺም፣ ገለባዋ፣ ኋላው አረንጓዴ ጭስ። ስመለከተው ሐጂ አዩኝ።

«ኮምባይነሩ የት ገባ ትያለሽ?» አሉ። «መጀመሪያ አንቺ አጠፋሽው፤ እኔ ደግሞ ሸጥኩት። አሁን በዚህ ሰፈር ኮምባይነር የሌለው እኔ ብቻ ነኝ።»

ብዙ ሰው ከጊዜ ጋር ዓይን አፋርነቴ የሚለቀኝ ይመስለው ነበር። አልለቀቀኝም። ዛሬም ሱቅ ገብቼ ስኳር ለመጠየቅ ሰው እስኪቀንስ እጠብቃለሁ። ግን ሊድን የሚገባው በሽታ ነው ብዬ ማሰቡን ያን ቀን፣ የሐጂን ጫማ እያየሁ፣ ትቼዋለሁ። ደፋሮቹ ይጠጉ፤ አገጭ ይያዙ። የሰው ፊት ማንም ካልተጠጋው ምን እንደሚመስል የማውቀው እኔ ነኝ፤ ያወቅሁትም ከሩቅ ነው።

የምርቃቷ ልጅ ከማዶ አሁንም እጇን ታወዛውዝ ነበር።

«እትዬ ጀሚላ፣ በአላህ ትንሽ ቅረቢ! ሰው እያየኝ ነው፣ አፈርኩ!»

«አፍሪ» አልኳት። «ምንም አይደለም።»

ድምፄን ከፍ አድርጌ ነበር የተናገርኩት፤ አስፋልቱን ተሻግሮ ደረሳት። ሳቀች፣ ዓይኗን ወደ መሬት አደረገች፣ ከዚያ ቀስ ብላ ቀና አለች። እኔም አንድ እርምጃ ወደኋላ ጨመርኩና ተጫንኩ።